የሚከፈለው ለልባሱ ነው

ፓሪስ የከረመ የድሬ ልጅ ብዙ ነገር ይለምዳል። አድማውንም፣ የሚሸት አይቡንም። የወሲብ ፊልም እንደ ሽቶ አምሮ ሲሸጥ ማየት ግን እስካሁን ይገርመኛል።

ነገሩን ያደመቀው ክልከላው ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። በ1974 የወጣውን «ኢማኑኤል»ን ሻንዜሊዜ ያለ ሲኒማ ቤት ከ10 ዓመት በላይ አሳየው። እሱ እንኳ ለስለስ ያለው ነው። መንግሥት በ1975 መጨረሻ የባሱትን «ኤክስ» ብሎ ለይቶ ከባድ ግብር ጣለባቸው። የአሜሪካኖቹ ደግሞ ያስቃል። የፊልም ማኅበሩ በ1968 ኤክስን የአዋቂ ምልክት ሲያደርግ በስሙ አላስመዘገባትም። ነጋዴዎቹ በገዛ እጃቸው ይለጥፏት ጀመር። አንዷ አልበቃ ስትል ሦስት አደረጓት። ማስጠንቀቂያው ማስታወቂያ ሆኖ አረፈው!

ቪዲዮ ሲመጣ፣ በ1979 የተቋቋመው የፈረንሳዩ የወሲብ ፊልም ኩባንያ ማርክ ዶርሴል ትልልቅ ቪላ፣ ሙሉ ልብስና የምሽት ቀሚስ ጨመረበት። በ1984 የተከፈተው የክፍያ ቴሌቪዥን ካናል ፕሉስም በዓመቱ በወር አንድ ቅዳሜ ሌሊት የወሲብ ፊልም ማሳየት ጀመረ። ላልከፈለ ሰው ምስሉ ይሰባበር ነበር። «ፕሪሚየም» የሚሉት ይህንን ነው። ውስጡ ያው ነው፤ የሚከፈለው ለልባሱና ለቁልፉ ነው።

እኛ ጋ ልባስ የት አባቱ! ድሬ የኮንትሮባንድ ከተማ ናት። ታይዋን ገበያ ቴፕና ዴክ ሲቸበቸብ፣ ቪዲዮ ቤቶቹ ካሴት ያከራዩ ነበር። ግድግዳው ላይ የካራቴና የህንድ ፊልም ፖስተር አለ። የዚያኛው ካሴት ግን ስምም ሥዕልም የለውም። ከባንኮኒው ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይወጣል። ማስታወቂያው ጥቅሻ ነው። ተቀድቶ ተቀድቶ ሰውና ግድግዳ አይለይበትም፤ በዚህስ ካናል ፕሉስን ካልከፈለው ፈረንሳዊ ጋር እኩል ነበርን።

አሁን ስልክ ሁሉንም አስተካከለው። ወረርሽኙ በጠናበት በማርች 2020 የወሲብ ፊልም ድረ ገጹ ፖርንሀብ የሚከፈልበትን ፕሪሚየሙን ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቀቀ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ በየጋዜጣው ያለ ክፍያ ወጣለት። ፈረንሳይ በኋላ «የተመልካቹን ዕድሜ አረጋግጡ» አለች። ኩባንያው በጁን 2025 አኩርፎ ገጹን ዘጋባት። ፈረንሳዮቹ ከኛ የበለጠ ጨዋ ሆነው አይደለም፤ ግን ጉዳዩን አደባባይ አውጥተው ይጣሉበታል።

የኛ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ማስገባቱንም ማሰራጨቱንም ይቀጣል። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ከዚራ ዛፍ ሥር ጫቱን ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ስልክ አለው፤ ስለዚህ ነገር የሚያወራ ግን የለም። የአጎቴን ልጅ «የልጆቹ ስልክ ላይ መቆጣጠሪያ አድርግበት» ብለው ተቆጣኝ።

«አቦ! ልጆቼን ትጠረጥራለህ እንዴ?»

«ጥርጣሬ አይደለም፤ ፓሪስም ወላጅ ያደርገዋል» አልኩት። ፓሪስ ስትባል ለዘብ አለ። ከዚያ ትልቁን ልጁን ጠርቶ እንዲያደርግለት አዘዘው። እሱ ስልክ አይችልማ።