ማስተካከያ፦ ስለ ዩሲኤልኤ ሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን

ስለ 2024/25 የቢግ ቴን (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ማኅበር፣ ማለትም ኮንፈረንስ) ውድድር ስጽፍ፣ የዩሲኤልኤ ሴቶች የሎስ አንጀለስ ተቀናቃኛቸው በሆነው ዩኒቨርሲቲ፣ በዩኤስሲ፣ ሁለቴ ስለተሸነፉ «የኮንፈረንሱ ዋንጫ አመለጣቸው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ያመለጣቸው የመደበኛው ዙር ዋንጫ ነው፤ እሱን ዩኤስሲ 17 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸንፎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው የኮንፈረንሱ ቶርናመንት (የጥሎ ማለፍ ውድድር) ግን ሌላ ዋንጫ አለው። ወደ ብሔራዊው ውድድር በቀጥታ የሚያስገባውም እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የዩኤስሲዋ ጁጁ ዋትኪንስ በመጀመሪያው ግጥሚያ 38 ነጥብ አስቆጥራ፣ በዚያ ላይ 8 ሙከራ ስታግድ አይቼ ነው የቸኮልኩት። ማርች 9 ኢንዲያናፖሊስ ላይ በተደረገው የቶርናመንቱ ፍጻሜ ዩሲኤልኤ ያንኑ ዩኤስሲን 72 ለ 67 ረታ።

ሌላም እርማት አለ። የኮንፈረንሱ ቡድኖች 18 ናቸው። አስር ያልኩት «ቢግ ቴን» (ትልልቆቹ አስር) የሚለውን ስሙን አምኜ ነው።