ነዋሪው የሚጠራው መቼ ነው?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ ቤት የሚቀላቀሉበት የሰፈር ዋና መንገድ ሲታቀድ ነዋሪው ይወያይ ይላል። እስማማለሁ። ግን መቼ? ንድፉ ካለቀ በኋላ ሰው ሰብስቦ «አስተያየት ስጡ» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የሕንፃው ከፍታ፣ የእግረኛው መንገድ ስፋት፣ ከታች ምን ዓይነት ሱቅ እንደሚገባ ያኔ ተወስኗል።

አሜሪካዊቷ የከተማ ፖሊሲ ባለሙያ ሼሪ አርንስታይን በ1969 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል አስቀምጣዋለች። ማማከር እዚያ ላይ ከታች ሲቆጠር አራተኛ ነው። ሰው ይናገራል፤ ቃሉ ውሳኔ ላይ ለመድረሱ ግን ዋስትና የለም። አብሮ መወሰን የሚጀምረው ከስድስተኛው ነው።

ሌላው ደግሞ ማን ይመጣል የሚለው ነው። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ከሆነ ተከራዩ አይመጣም። ተቀጥሮ የሚሠራው አይመጣም። ሕፃን የያዘች እናትም እንደዚያው። መንገዱ አምሮ ኪራይ ሲጨምር ግን መጀመሪያ ለቆ የሚወጣው ያው ተከራይ ነው! እሱን ሳይሰሙ ማቀድ በጣም ያሳዝነኛል።

ባለሙያዎቹ ከነዋሪው ጋር መንገዱን በእግር ይሂዱት፤ ቀንም ማታም። የጭነት መኪና የት ቆሞ እንደሚያራግፍ፣ ዊልቸር የት እንደሚሰናከል፣ የትኛው ጥግ ሲመሽ እንደሚያስፈራ ካርታ አይናገርም። ከዚያ የትኛው ሐሳብ እንደተወሰደ፣ የትኛው እንደቀረ ከነምክንያቱ ተጽፎ ሰፈሩ ውስጥ ይለጠፍ።