አንበሳን በአንድ ክር

በጣና ዳር ከተማችን በባሕር ዳር፣ የመረጃ ቋት በሚጠይቁ የቢሮ ባለሙያዎች ዘንድ ሥር የሰደደውን ትጋት ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። አለቃ «በዚህ ወር በጠቅላላው ከ500 ኪሎ በላይ ዓሣ ያስረከቡትን አስጋሪዎች አውጡልኝ» ይላሉ። ባለሙያው የመረጃ ቋት መጠየቂያ በሆነው ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል (SQL)፣ «ዌር» (WHERE፣ ረድፎችን አንድ በአንድ የሚያጣራው ትእዛዝ) ብሎ «ኪሎ ከ500 ይበልጣል» ሲል ይጽፋል፤ መልሱም በቅጽበት ይመጣል፣ አንድም ረድፍ የለበትም።

እንዴት ያለ ንጹሕ ውጤት ነው! በደንገል ታንኳ ወጥቶ በየቀኑ 20 ኪሎ አምባዛ የሚያስረክብ ሰው በ30 ቀን 600 ኪሎ ይሞላል፤ ዌር ግን የየቀኑን ረድፎች የሚያበጥረው «ግሩፕ ባይ» (GROUP BY፣ ረድፎችን በቡድን የሚያስቀምጠው ትእዛዝ) በየሰዉ ከመሰብሰቡ በፊት ስለሆነ፣ ያን ሰው «20 ከ500 ያንሳል» እያለ 30 ጊዜ ከበር ይመልሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለሌላ አገር ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ ክር ብቻውን አንበሳ እንዲያስር ይጠየቃል። ሪፖርቱ «የለም» ይላል፣ ማበረታቻው ይቀራል፣ በጀቱም ይድናል።

ደፋሮቹ «ሰም» (SUM) የተባለውን ደማሪ (የቅኔው ሰም አይደለም) ዌር ውስጥ ይከቱና የስሕተት መልእክት ይደርሳቸዋል። በእርግጥ ግሩፕ ባይ በአስጋሪው መለያ ቁጥር ካሉ በኋላ፣ የተሰበሰቡትን ቡድኖች በሚያጣራው ትእዛዝ (HAVING) «ሃቪንግ፣ የኪሎው ሰም ከ500 ይበልጣል» ብሎ መጨረስ ይቻላል፤ ቋንቋው በ1986 እ.ኤ.አ. መስፈርት ሲወጣለትም ሃቪንግ ውስጡ ነበረ። ነገር ግን በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር ሥራ አይመስልም። ስለዚህ የዓመታቱ መዝገብ በሙሉ ወደ ኤክሴል ይገለበጣል፣ ቢጫ ይቀባል፣ በጣት ይቆጠራል። የኤክሴል ገጽ በ1,048,576ኛው ረድፍ ላይ ስለሚያበቃ፣ ከዚያ በኋላ የተመዘገበው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንደተመለሰ ይቆጠራል።

በቅርቡ አንድ ለልምምድ የመጣ ወጣት፣ ነውር መሆኑን የነገረው ስላልነበረ፣ ሃቪንግን ጽፎ የአስጋሪዎቹን ዝርዝር አቀረበ። አለቃው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱትና «ልጄ፣ ባለፈው ወር አንድም አልነበረም፤ ይህ ሁሉ ሰው ዛሬ ከየት መጣ?» አሉት፤ ዝርዝሩም እስኪጣራ ተብሎ ለቢጫ ቀቢዎቹ ተመራ።