ይድረስ ለክቡር አቶ ወረፋ፣ ባሉበት

ቀን፦ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቁጥር፦ ተራው ሲደርስ ይሰጠዋል
ጉዳዩ፦ በስልክ ሳሎናችን ድረስ ስለመግባትዎ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? መቼም የሰነበቱት ቆመው ነው። እኛ ከወገብ ሕመምና ከእግር እብጠት በቀር ደህና ነን። ሁለቱም የእርስዎ ስጦታ ስለሆኑ አናማርርም።

ሐዋሳ ውስጥ እርስዎን የማያውቅ የለም። ማደያ አሉ። ባንክ አሉ። ዘይት መጣ በተባለ ቀን ሸማቾች ሱቅ በር ላይ ከሁላችን ቀድመው ይገኛሉ። መታወቂያ ልናሳድስ ስንሄድ ቢሮው ሳይከፈት እርስዎ ሥራ ጀምረዋል። ስሞታ እንዳናቀርብ፣ ስሞታ መቀበያው መስኮት ላይም ያሉት እርስዎ ነዎት። ለምደነዋል።

ዘንድሮ ግን ድንበር አለፉ። ውቅያኖስ ተሻግረው መጡብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አትላንታ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ባሏንና ልጆቿን ይዛ ለዕረፍት ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ሄደች። ዲዝኒ ወርልድ የሚባለውን የመጫወቻ ፓርኮች ስብስብ ለማየት። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በዲሴምበር መጨረሻ ይዘጋሉ። እሷ ዕረፍት ያገኘችበት ሳምንት ሀገሩ በሙሉ ዕረፍት ያገኘበት ነው። ከነሱ ገና እስከ ነሱ አዲስ ዓመት እዚያ ሰው እንደ ጉድ ይጎርፋል። እርስዎ መቼም ይህን አያጡትም፤ መኸርዎ ነው። እህቴም አላጣችውም። እያወቀች ሄደች።

ሐዋሳ የተቀመጥነው ሰዎች ምን አገባን? ማን ጠየቀን! ወረፋ የያዘ ሰው ሥራ ፈት ነው። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ይደውላል፤ ያውም በቪዲዮ። የሰዓት ልዩነታችን 8 ሰዓት ነው። እነሱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የቀኑን የመጀመሪያ ሰልፍ ሲይዙ፣ እዚህ ከምሽቱ 12 ነው፤ እማዬ ቡና አቅርባለች። እነሱ ማታ ርችት አይተው ሲወጡ፣ እዚህ ዶሮ እየጮኸ ነው። በዚህ ስሌት እርስዎ ቤታችንን ለቀው የሚወጡት ለምሳ ብቻ ሆነ።

በመጀመሪያው ጥሪ እማዬ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ምን መጥቶ ነው?» አለች።

«ምኑ፣ እማዬ?»

«ይሄ ሁሉ ሰው የተሰለፈው። ዘይት ነው ስኳር?»

«ኧረ መጫወቻ ነው!»

«መጫወቻ ሊያከፋፍሏችሁ?»

«አይደለም፣ ባቡር ልንሳፈር ነው።»

«ወዴት?»

«የትም። ዞሮ እዚሁ ነው የሚያወርደን።»

እማዬ ቡናዋን ቀዳች። ከዚያ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ ጠየቀች። ሰሌዳው 95 ደቂቃ ይላል። ባቡሩ የሰባቱ ድንክዬዎች የማዕድን ባቡር ነው፤ ጉዞው 3 ደቂቃ አይሞላም። «ሳትሳፈሩ ብትመለሱ ምን ይቀርባችኋል?» አለች። እህቴ ሳቀች። ክቡር ሆይ፣ እኔን ያበገነኝ ይህ ሳቅ ነው። እህቴ ደስተኛ ናት! እዚህ ሳለች እርስዎን ገና ከሩቅ ስታይ ፊቷ ይጠቁር ነበር።

ሳቁ ደግሞ በነፃ አይደለም። በገና ሰሞን የአንድ ቀን መግቢያ ለአንድ ሰው ከ150 ዶላር በላይ ነው። የማይከፍለው ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ብቻ ነው። 10 ዓመት የሞላው ልጅ በቲኬት ዋጋ አዋቂ ይባላል። የእህቴ ትልቁ ልጅ ገና የጫማ ክሩን እናቱ ናት የምታስርለት፤ ለእሱም እንደ አባቱ ተከፍሏል። በዚህ ሁሉ ብር የሚገዛው ማን ነው? እርስዎ ነዎት። እኛ በነፃ የምንሸሽዎት ሰውዬ!

እዚህ ላይ ለዕድገትዎ እንኳን ደስ አለዎት ልበል። ታሪክዎን አገላብጬ አይቻለሁ። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ፋስትፓስ የሚባል ነገር ጀመረ። ማሽኑ ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት ሲደርስ በአጭሩ በር መግባት ነው። ነፃ ነበር። በ2021 ነፃው ቀረ፤ በቦታው የሚከፈልበት መጣ። በ2024 ደግሞ ላይትኒንግ ሌን ፕሪሚየር ፓስ የሚባለው ተጨመረ። በተጨናነቀ ቀን ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ፓርክ፣ ለአንድ ቀን ከ400 ዶላር በላይ ሊጠየቅበት ይችላል። መግቢያው ለብቻው ነው። መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ይከፈላል፤ ከዚያ ከእርስዎ ለመገላገል ይከፈላል። በሁለቱም በር ተቀባይ አለ።

እኛ ጋ አንድ ልጅ አለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት መጥቶ ተራ ይይዛል፤ 3 ሰዓት ላይ አርፍዶ ለመጣ ሰው ይሸጠዋል። ሲነቃበት ተሰላፊው ይጮህበታል፤ ጥበቃውም ያባርረዋል። ምስኪን። የጎደለው መተግበሪያ ብቻ ነው።

ሕፃን ለያዙም ዘዴ አላቸው። አባት ሲሳፈር እናት ሕፃኑን ይዛ ውጭ ትቆያለች። እሱ ሲወጣ እሷ እንደ አዲስ ሳትሰለፍ ትገባለች። እማዬ ያደነቀችው ይህን ብቻ ነው። እኛ ጋም ሕፃን የያዘች ሴት «አሳልፏት» ትባላለች። አንዳንዷማ ከጎረቤት ሕፃን ተውሳ ነው የምትመጣው።

እዚያ ደግሞ የሚደረግልዎ እንክብካቤ! ቀጥ ብለው አይቆሙም። ይጠማዘዛሉ፣ ግድግዳ ጀርባ ይሰወራሉ፤ ሰው ጭራዎን አይቶ ተስፋ እንዳይቆርጥ። መንገድዎ ላይ ልጆች የሚነካኩት ጨዋታ ተተክሏል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለዱምቦ ዝሆን መሳፈሪያ ድንኳን ውስጥ የልጆች መጫወቻ ሠርተውልዎታል፤ ልጁ ሲፈነጭ ወላጁ ተራው እስኪጠራ ቁጭ እንዲል። እዚህ ለእርስዎ የተሠራ ነገር ቢኖር አንድ የተሰነጠቀ አግዳሚ ወንበር ነው። እሱም ላይ ጥበቃው ተኝቶበታል። ምሁራንም ቢሆኑ አልናቁዎትም። ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች ባሳተመው ጥናት ነው የእርስዎ ሒሳብ የተጀመረው። ከስልክ ጋር ያላችሁ ዝምድና ለካ የቆየ ነው።

ወደ ዋናው በደል ልግባ። አንድ ምሽት ማደያ ሰልፍ ላይ ነኝ። ከኋላዬ ባጃጅ። ከፊቴ ድንጋይ። አዎ፣ ድንጋይ፤ «የሰው ወረፋ ነው» ተብሏል። ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፣ እሷም ሰልፍ ላይ። እኔ ስልኬን ዳሽቦርድ ላይ አቆምኩት፤ እሷ የሷን የልጅ ጋሪ ላይ። ሁለት ወረፋዎች በቪዲዮ ተፋጠጡ።

«ጋሼ፣ የት ደረስክ?»

«ንቅንቅ የለም። አንቺስ?»

«ሰሌዳው 70 ይላል።»

«እኛ ጋ ቦቴው ሞጆን ለቋል ይላሉ።»

የእኛ ሰሌዳ የሰው አፍ ነው። ቦቴው ሞጆን ይለቃል። ዝዋይን ያልፋል። ሻሸመኔ ሲደርስ «ሾፌሩ ሻይ እየጠጣ ነው» ይባላል። ሻሸመኔ ቅርባችን ነዋ፣ ሰው ሁሉ ሞተር ያስነሳል። ያለችው ጠብታ በዚያ ታልቃለች። ኋላ ላይ ለካ ቦቴው ከመጀመሪያውም የሻሸመኔ ነበር። የነሱ ሰሌዳ ተንኮሉ ሌላ ነው። ከእውነቱ ጥቂት ደቂቃ አስበልጦ ይጽፋል ይባላል። 70 ብሎ በ55 ሲያስገባቸው 15 ደቂቃ የተሸለሙ ይመስላቸዋል። የገዛ ደቂቃቸውን! እህቴ ያን ምሽት በሩ ሲከፈት እልል ነው ያለችው። የባጃጁ ሾፌር አንገቱን አስግጎ «ወለደች እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ አፍሪካን ሊያዩ ገቡ። አልቀለድኩም። አኒማል ኪንግደም የሚባለው የዲዝኒ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1998 ተከፍቷል፤ ውስጡ ሐራምቤ የተባለ የምሥራቅ አፍሪካ መንደር አስመስለው ሠርተዋል። ግድግዳው አሮጌ እንዲመስል ሆን ተብሎ ተላልጧል። እኛ ያለ አንዳች በጀት አላልጠናል። የሳፋሪው መኪና የሚሄድበት መንገድ ጭቃ እንዲመስል የጎማ ቦይ ተቀርጾበታል፤ እንዲያንገጫግጭም ታስቦ ነው። እህቴ ለኮረኮንች ተሰለፈች! አዲስ አበባ ለመማር ከሐዋሳ ስትወጣ ስለ ሰፈራችን መንገድ የተናገረችውን እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

መኪናው ኩሬ ዳር ደረሰ። ካሜራዋን አዞረች።

«እማዬ፣ አየሽው? ጉማሬ!»

እማዬ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «ልጅ ሆነሽ ሐይቁ ዳር እንዳትደርሺ በዱላ የማባርርሽ ከዚህ አውሬ አልነበረም?»

ፍቅር ሐይቅ ብቅ ቢሉ እኮ ጉማሬ ለማየት ሰልፍ የለም። የሚጋፉት ባለጀልባዎቹ ናቸው፤ አንድ መንገደኛ ለሦስት ይጎትታሉ። ዓሣ ገበያው አሞራ ገደልም ይምጡና ይዩ። አባኮዳ የሚባሉት ወፎች ትከሻቸውን አጉብጠው፣ ራሳቸው ተመልጦ፣ የጡረታ ደመወዝ እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ዳር ዳሩን ይቆማሉ። ላየ ሰው እርስዎ ያሉ ይመስላል። ዓሣ አጥማጁ ሆድ ዕቃውን ሲወረውር ግን የማን ተራ፣ የማን ወረፋ!

(የተርኪ ዶሮ እግር እየጋጠ ብቅ ስላለው የእህቴ ባል አልጽፍም። በነቢያት ጾም! እማዬ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።)

ታኅሣሥ 19 ደረሰ፤ በነሱ ዲሴምበር 28። ኦርላንዶ ጢም ባለችበት ሳምንት ሐዋሳም በገብርኤል ንግሥ ጢም አለች። ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ አልጋ መፈለግ ዘበት ነው። ስለት ያለበት ጃንጥላውን፣ ጧፉን ይዞ ይገባል። እማዬ ከሌሊት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ነጠላዋ ተጨማድዷል፣ ከጫማዋ አንዱ የሌላ ሰው ነው፣ ፊቷ ግን ፈክቷል። እህቴ ደወለች። ከጀርባዋ እርስዎ አሉ።

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ተሰለፍሽ?»

«የምን ሰልፍ? ተጋፋሁ እንጂ!»

እንግዲህ ጥያቄዬን ላቅርብ። እህቴና ልጆቿ በመጪው ዲሴምበር ሐዋሳ ሊመጡ አስበዋል፤ እማዬ ናት የጠራቻቸው። ትልቁ ልጅ ከአሁኑ «አጎቴ፣ እዚያ ሳይሰለፉ ለመግባት ስንት ይከፈላል?» ብሎ ጠይቆኛል። ነውር ነው አላልኩትም። ዋጋ አጣርቼ እነግርሃለሁ ነው ያልኩት። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚመጣውን ልጅ አነጋግሬዋለሁ። ማደያውን፣ ባንኩንና መታወቂያ ቢሮውን በአንድ ጥቅል ሊይዝልን ፈቃደኛ ነው። ለገብርኤል ግን እሱም አልችልም ብሏል። ከእርስዎ የሚደርሰውን ድርሻ ተነጋግራችሁ እስከ ጥምቀት ድረስ ብታሳውቁኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከድንጋዩ ቀጥሎ ያለው ተሰላፊ
ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለእማዬ፣ እንድታውቀው
ለድንጋዩ፣ ባለቤቱ ሲመጣ እንዲሰጥልኝ