ለራዲዮ ጠጋኞቻችን ገበያ ይቁምላቸው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ አለ። ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ከተቀመጠ ሦስተኛው ደጅ ላይ ይቆማል። ጀርባቸው የተከፈተ ፊሊፕሶችና ናሽናሎች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ባለቤቱ ከአንዱ ስፒከር፣ ከሌላው ደግሞ የጣቢያ መርፌዋን የምትጎትተውን ክር እየወሰዱ ሌላውን ሲያድኑ ዕድሜያቸውን አሳልፈዋል። ባለፈው ሰኔ ልጠይቃቸው ስሄድ ዓይናቸው ደክሞ፣ መበየጃውን የሚይዘው እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀምሮ አገኘኋቸው። ሱቁን ሊዘጉ አስበዋል። «ይኼን ሁሉ ለማን ልስጠው? ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስቡት ልጆች በኪሎ ይውሰዱት እንዳልል አንጀቴ አልቆርጥ አለ» አሉኝ።

ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ እጅግ በራቁ አገሮች የሚኖሩ የአማተር ራዲዮ ሰዎችም ዛሬ ይጠይቁታል። አማተር ራዲዮ ማለት ፈቃድና የጥሪ ምልክት (በሞገድ ላይ የሚታወቅበት የፊደልና የቁጥር ስም) የተሰጠው ግለሰብ፣ ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት፣ ከቤቱ ሆኖ በራሱ መሣሪያ ከሌላው ዓለም ሰው ጋር በሞገድ የሚገናኝበት ሥራ ነው። የእነዚህ ሰዎች ዓለም አቀፍ ኅብረት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ አንድ ልማድ ሥር ሰድዶ ኖሯል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ በአዳራሽ ወይም በሜዳ ይሰበሰቡና አሮጌ መሣሪያ፣ ቱቦ አምፖል፣ ትራንስፎርመርና የሽቦ ጥቅል በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ይለዋወጣሉ። እኛ «መለዋወጫ» የምንለው ቃል በውስጡ መለዋወጥን እንደያዘ ሁሉ፣ የእነርሱም ገበያ ዕቃና ሰው አብረው የሚገናኙበት ነበር።

ያ ገበያ እየከሰመ ነው። በእርግጥ ትልልቆቹ አሁንም ሰው ይሞላቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በዴይተን ከተማና በአካባቢው የሚደረገው ዓመታዊ ስብሰባ በቅርብ ዓመታትም ከ30 ሺህ በላይ ሰው አስተናግዷል፤ በጀርመን ፍሪድሪክስሃፈን የሚደረገውም አሁንም አለ። የሚጠፉት በየወረዳው በትንሽ አዳራሽ የሚደረጉት ናቸው። ጠረጴዛ የሚዘረጋው ሰው ሸመገለ፤ ከባዱን መሣሪያ ከመኪና የሚያወርድለት ልጅም አጠገቡ የለም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአማተር ጣቢያ ፈቃድ ዛሬ ከ400 ሺህ በታች ወርዷል። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት «ቁልፉ ዝም አለ» ይላሉ፤ ቁልፍ የሚሉት በአጭርና በረጅም ድምፅ ፊደል የሚላክበትን የሞርስ መምቻ ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ምንነቱን የማያውቁት ብረት በጓዳ ተከምሮ ይቀራል።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ሻጭና ገዢ በኢንተርኔት ይገናኛሉ፤ ዕቃውም በፖስታ ይመጣል። የዘንድሮ መሣሪያ በውስጡ የያዛቸው ክፍሎች አንዳንዶቹ ከጤፍ ቅንጣት ያነሱ ስለሆኑ ሲበላሽ ቦርዱን እንዳለ መቀየር እንጂ መጠገን ቀርቷል። ወጣቱ ደግሞ ከሩቅ ሰው ጋር ለመነጋገር ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። ይህን ሁሉ በክፋት አላየውም፤ እኔም በኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና መለዋወጫ በስልክ አዝዣለሁ፣ ረክቻለሁም።

የሚያሳስበኝ ከዕቃው ጋር አብሮ ይተላለፍ የነበረው ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ከእኒያ ሽማግሌ ሱቅ የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድምፅ አልባ የሆነ ራዲዮ ሲመጣ ቴስተሩን ከማንሳታቸው በፊት ጀርባውን ከፍተው ድንጋይ ያስገቡበትና፣ የድምፅ መጨመሪያውን እስከ መጨረሻ አዙረው፣ ከመጨመሪያው ሦስት እግሮች መካከለኛውን በጣታቸው ጫፍ ይነካሉ። ስፒከሩ «እርርር» ካለ ከዚያ ወዲህ ያለው ማጉያ ደህና ነው፤ ችግሩ ሞገዱን ተቀብሎ በሚያመጣው በኩል ይፈለጋል። ዝም ካለ ደግሞ ችግሩ ከማጉያውና ከስፒከሩ በኩል ነው። በአንድ ጣት ንክኪ ራዲዮው ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። «ሐኪም መጀመሪያ ግንባር ይዳስስ የለ?» ይሉኝ ነበር። ይህ ብልሃት በመጽሐፍም ይገኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ጣቴን ይዘው ባያስነኩኝ ኖሮ፣ የእርርታውን ልክ ከጆሮዬ ጋር ባያስተዋውቁኝ ኖሮ፣ አንብቤ አልፈው ነበር።

ጎጃም ለራዲዮ ባዳ አይደለም። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ስርጭት እ.ኤ.አ. በ1965 ከጀመረ በኋላ፣ የአሜሪካ ድምፅም እ.ኤ.አ. በ1982 ከተከተለ በኋላ፣ ሲመሽ ራዲዮ ከቦ ዜና ማዳመጥ ከቢቸና እስከ ዳንግላ የቤት ወግ ሆኖ ኖሯል። እናቴ መርፌዋ የምትቆምበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋበት ነበር። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ጥቂት ቀን ይጨመርለት ነበር። አጭር ሞገድ ከምድር ተነስቶ በላይኛው የአየር ክልል ነጥሮ እንደሚመለስ፣ ቀን ከሚጠራው ይልቅ ሌሊት የሩቁ ጣቢያ እንደሚጠራ፣ ስሙን ሳያውቀው በልምድ ያልተገነዘበ አድማጭ አልነበረም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜም፣ ከቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠገቡ ራዲዮዎች ወርደው ወደዚያች ሱቅ ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠጋኝ የተገኘው ሱቁ ገና ስላልተዘጋ ነው።

እንግዲህ እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አላቸው፤ ባሕር ዳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ አማካይነት የእጅ ሙያ ትምህርትን ገና በጠዋቱ ያወቀች ከተማ ናት። ከእነዚህ አንዱ በሦስት ወር አንድ ቅዳሜ አዳራሹን ይክፈት። የራዲዮ፣ የቴፕና የቴሌቪዥን ጠጋኞች፣ በሥራ ላይ ያሉትም ሱቃቸውን የዘጉትም፣ ያላቸውን ይዘው ይምጡ። ጠረጴዛና ሶኬት ይዘጋጅላቸው፤ የመጓጓዣቸውም ይከፈል። ተማሪው የሞተ ራዲዮ ይዞ ይምጣና ከአጠገባቸው ይቀመጥ። የሚሸጥ ይሸጣል፣ የሚለወጥ ይለወጣል፤ ሽማግሌው ባዶ ኪሱን አይመለስ፤ ለተማሪው ያካፈለውም ዕውቀት አበል ይታሰብለት እንጂ በነፃ አይጠየቅ። በነፃ የተጠየቀ ሽማግሌ አንዴ ይመጣል፣ ሁለተኛ አይመጣም።

ከዚህ ጎን ለጎን የአማተር ራዲዮ በር ለጎጃም ልጅም ይከፈት። በአገራችን የጥሪ ምልክት በ«ኢቲ» ይጀምራል። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ የሚገኘው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ሲሆን፣ የዚያ ግቢ ተማሪዎች ከዓለም ዙሪያ ሰዎች ጋር ሲነጋገሩበት ኖረዋል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያ ላይ አንዲት የሽቦ አንቴና መወጠር የሚያቅት አይመስለኝም። የራዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም፣ ለጀማሪዎች የሚሆነውን ምዝገባና ፈተና ባሕር ዳር ላይ እንዲያስተናግድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሞገድ ያለ ፈቃድ መርጨት በሕግ ያስጠይቃልና፣ የሚጓጓ ልጅ ሕጋዊው መንገድ በአቅራቢያው ሊኖረው ይገባል።

«ዘመኑ የስልክ ነው፣ አሮጌ ራዲዮ ለምን ይጠቅማል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የሶላር መብራቱን፣ የወፍጮ ቤቱን መቆጣጠሪያ፣ የጤና ጣቢያውን ማቀዝቀዣ የሚጠግነው ማን እንደሆነ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። ጉድለትን ደረጃ በደረጃ እየከፋፈሉ የመፈለግን ልማድ እኔ የተማርኩት ከራዲዮ ነው፤ ዛሬ የሶላር ቻርጀር ስከፍትም እጄ የሚሄደው ያው ባስተማረኝ መንገድ ነው። አንድ ራዲዮ አራትና አምስት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ስለሚፈልግ ለጀማሪ ልጅ አደጋ የለውም፤ ክፍሎቹም በዓይን የሚታዩ፣ በጣት የሚያዙ ናቸው። ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ዕቃ አላውቅም።

ሽማግሌውን እስከ መስከረም ሱቁን እንዳይዘጉ ለምኛቸዋለሁ። እሺ ያሉኝ በአንድ ውል ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ፣ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ያጠራቀሟቸውን ትራንዚስተሮች እርሳቸው በአጉሊ መነጽር ቁጥራቸውን እያነበቡ፣ እኔ በየቆርቆሮው ላይ እንድጽፍ። እስካሁን ዘጠኝ ቆርቆሮ ጨርሰናል። ከላይኛው መደርደሪያ ያሉት ገና አልተነኩም።