ክርክር፦ ቦርሳን «የዲዛይነር» የሚያሰኘው ንድፉ ነው ወይስ ስሙ?

ከፒያሳ እስከ ለገሃር ባሉ የቦርሳ ሱቆች «ብራንድ ነው» እና «ዲዛይነር ነው» የሚሉት ቃላት እየተቀያየሩ ይነገራሉ። ዋጋው ግን ሁለተኛው ቃል ሲነሳ ከፍ ይላል። ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ሁለት ሰዎችን ጠየቅን። አንደኛዋ አራት ኪሎ አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ቆዳ እየቆረጠች ቦርሳ የምትሰፋ ወጣት ናት። ሁለተኛው በቸርችል ጎዳና ሃያ ዓመት ያህል ቦርሳ የሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሁለቱም በጽሑፍ ተመላልሰዋል። የውጭውን ዓለም የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰፊዋ፦

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ነገሬን ከአንድ አሮጌ ቦርሳ ልጀምር። ሥራ በምለማመድበት ጊዜ አሠሪዬ ከሰልቫጅ የገዛችውን ቡናማ ቦርሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ፍቺውና ተማሪበት» አለችኝ። ውስጡ ስም የተጻፈበት የቆዳ ቁራጭ የነበረው ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። ስሙን አንድ ሰው ቀዶ ወስዶታል። ክዳኑ የሚዘጋው በማግኔትም በዚፕም አልነበረም፤ በአንዲት የናስ ቁልፍ ነው። በቀዳዳው ታሾልኳታላችሁ፣ በጣት ታዞሯታላችሁ፣ አለቀ። ገበር የለውም፤ የቆዳው ጀርባ ራሱ ይታያል፣ ምክንያቱም ቆዳው የሚደበቅ ነገር አልነበረበትም። ጠርዙ በቀጭን የቆዳ ጥብጣብ ተጠቅልሏል። ቀኑን ሙሉ ስፈታው ዋልኩ፤ ምሽት ላይ መልሼ ለመስፋት ስሞክር አልሆነልኝም።

ያቺ ቁልፍ የማን እንደሆነች ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ቦኒ ካሺን የምትባል አሜሪካዊት ነዳፊ ኮች ለተባለው የአሜሪካ ቦርሳ ድርጅት የሠራቻት ናት። ካሺን ኮች የገባችው በ1962 ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘችው ጣሪያው ከሚታጠፍ መኪናዋ ነው። ጣሪያውን የሚይዘውን ማዞሪያ ወደ ቦርሳ አመጣችው። እንግዲህ ስሙ ተቀዶ ወድቋል፤ ሴትየዋ ግን ከቦርሳው አልወጣችም። የእኔ መለኪያ ይኸው ነው። ስሙን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑትና ቦርሳውን እዩት። የሆነ ሰው አስቦ የወሰነው ነገር ከታያችሁ የዲዛይነር ነው። ምንም ካልታያችሁ ብራንድ ነው፣ ያውም ደህና ከሆነ።

ውሳኔ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከራሴ ጠረጴዛ ላሳያችሁ። የደጋ በጋችን ቆዳ በዓለም የታወቀው በጓንት ነው። ስስ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ እንደ ጨርቅ ይታዘዛል። ይህን ቆዳ ማንጠልጠያ ካደረጋችሁት ግን ሸክም ሲበዛበት ይለጠጥና ቦርሳው ከዳሌ ወደ ጭን ይወርዳል። ስለዚህ ወይ በውስጡ የማይለጠጥ ጥብጣብ ትቀብራላችሁ፣ ወይ ለማንጠልጠያው የከብት ቆዳ መርጣችሁ ለአካሉ የበጉን ትተዋላችሁ። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ሁለቱ ቆዳዎች ቀለም የሚጠጡት እኩል አይደለም፤ ልዩነቱን ትደብቁታላችሁ ወይስ ጌጥ ታደርጉታላችሁ? እኔ ለዚህች አንዲት ጥያቄ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የብረት ጽሑፍ በጅምላ ገዝቶ ከውጭ በመጣ ዝግጁ ቦርሳ ላይ የሚመታ ሰው ይህ ጥያቄ በሕልሙም አይመጣበትም። እሱም ራሱን «ዲዛይነር» ይላል፤ እኔን የሚያመኝም ይኼ ነው።

ነጋዴው፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እጅሽ ይባረክ። ነገር ግን ያመጣሽው ምስክር ለእኔ የሚመሰክር ነው።

ካሺን ከኮች የወጣችው በ1974 ነው። ቁልፏ ግን ዛሬም በኮች ቦርሳዎች ላይ አለች። ነዳፊዋ ከሄደች በኋላ ያቺን ናስ ማን ጠበቃት? ቤቱ ነው። ድርጅቱ «ፋሽኑ አልፏል» ብሎ ቢጥላት ኖሮ አንቺ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አሮጌ ቦርሳ ፈትተሽ ትቀሪ ነበር። ንድፍ የሚወለደው ከሰው ነው፣ እስማማለሁ። የሚያሳድገው ግን ስም ነው።

ሻኔልን ተመልከቺ። ጋብርኤል ሻኔል ያቺን የሰንሰለት ማንጠልጠያ ያላትን ቦርሳ በየካቲት 1955 አወጣች፤ ስሟም 2.55 የተባለው በዚሁ ነው። ሴትየዋ በ1971 አረፈች። ካርል ላገርፌልድ የሚባል ነዳፊ በ1983 ወደ ቤቱ መጥቶ በሰንሰለቱ ውስጥ ቆዳ አሳለፈበት፣ መዝጊያውንም በሁለቱ የተጠላለፉ ፊደላት ቀየረው። ዛሬ ሰው የሚገዛው የማንን ንድፍ ነው? የእሷን? የእሱን? ሁለቱም በሕይወት የሉም። ያለው ቤቱ ነው። ሉዊ ቪቶን የተባለው የፈረንሳይ ቤትም በ1854 ተመሥርቶ እስከ 1997 ድረስ ማርክ ጄከብስን የመሰለ የፋሽን ነዳፊ ሳይቀጥር ኖሯል። በአንቺ መለኪያ ለ143 ዓመት የዲዛይነር አልነበረም ማለት ነው?

ከሱቄ አንድ ነገር ልንገርሽ። ደንበኛ ቦርሳ ስታነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ስንት ነው?» ብላ አይደለም፤ «የማን ነው?» ብላ ነው። ይህን ጥያቄ እንደ ከንቱነት አትዪው። አንድ ጊዜ ከአንድ አስመጪ ጣሊያንኛ የሚመስል ስም ያለባቸው ቦርሳዎች ተቀበልኩ። ቅርጻቸው እውነትም ያማረ ነበር፣ አንድ ሰው አስቦባቸዋል። ክረምቱ ሲገባ ላያቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጥ ጀመር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ይዘው መጡ። እኔ ለማን ልመልስ? ስሙን የያዘ ቤት በየትም አልነበረም። ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ «የማን ነው?» ማለት «ሲበላሽ ማን ፊት ይቆማል?» ማለት ነው። ለሥራው የሚቆምለት ቤት የሌለው ንድፍ ከወረቀት አይለይም።

ሰፊዋ፦

ጋሼ፣ ስለ ክረምቱ የተናገሩት አሳዝኖኛል፤ ግን እነዚያ ቦርሳዎች የዲዛይነር አልነበሩም እንጂ ስም መች አነሳቸው? ስም ነበራቸው። ያጡት የቆዳውን ዕድሜ ያሰበ ሰው ነው። ቅርጽ መሳል ብቻ ንድፍ አይባልም። በዝናብ ምን ይሆናል ብሎ መጨነቅም ንድፍ ነው።

ቪቶንን ካነሱት ደግሞ አልፈራም። ከመሥራቹ ከሉዊ ቪቶን በፊት የመንገደኛ ሣጥን ክዳን ጎባጣ ነበር፣ ዝናብ እንዲወርድለት። ቪቶን ክዳኑን ጠፍጣፋ አደረገው፤ በባቡርና በመርከብ አንዱን በሌላው ላይ መደርደር ተቻለ። ዝናቡን በጉብታው ፋንታ ውኃ በማያስገባ ሸራ ከለከለው። ይህን ያደረገው ሰው ሣጥን ሠሪ ነበር፤ ደመወዝ የሚከፈለው የፋሽን ነዳፊ ስላልነበረ ዲዛይነር አልነበረም ልንል ነው? እኔ እኮ «ዲዛይነር» ስል የሥራ መደብ ማለቴ አይደለም።

በተቃራኒው ፒየር ካርዲንን ይውሰዱ። ሰውዬው ታላቅ ነዳፊ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ኋላ ስሙን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዕቃዎች አከራየ፤ እስክሪብቶ፣ ቀበቶ፣ ሽቶ፣ የማይቀረው ሁሉ። በዚህ በከተማችን ስሙን በስንት ቀበቶ ላይ አይተናል! ከእነዚያ ቀበቶዎች ስንቱን እርሱ አየው? እዚያ ጋ ስሙ አለ፣ ሰውዬው ግን የለም። የእርስዎ መለኪያ ይህን ከቦኒ ካሺን ቦርሳ መለየት አይችልም፤ የእኔ ይችላል።

የአገራችን ሕግም ሁለቱን አይቀላቅልም። ስም የሚመዘገበው በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው፤ የዕቃው መልክ የሚጠበቀው ደግሞ የኢንዱስትሪያዊ ንድፍን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ሁለት አዋጅ፣ ሁለት ማመልከቻ። ይህን ያወቅሁት ተጎድቼ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ ከእኔ አንዲት ቦርሳ ገዝቶ በሁለት ወር ውስጥ ክዳኗን፣ የኪሷን ስብራት፣ የማንጠልጠያዋን መጋጠሚያ ሳይቀር አስቀድቶ ደረደራት። ስሜን አልወሰደብኝም። የወሰደው ሦስቱን ሳምንት ነው።

ነጋዴው፦

ልጄ፣ የደረሰብሽ በደል ነው፤ እንዲህ የሚያደርገውን ነጋዴ እኔም ነጋዴ አልለውም። ሕጉን ካነሳሽ ግን ዘመኑንም አብረሽ ብትነግሪን ጥሩ ነበር። ለንድፍ የሚሰጠው ጥበቃ አምስት ዓመት ነው፤ ሁለት ጊዜ በአምስት አምስት ዓመት ቢራዘም በ15 ዓመቱ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ የማንም ነው። የንግድ ምልክት በሰባት ዓመት ይታደሳል፤ ደግሞ ይታደሳል፤ ባለቤቱ እስከተጠቀመበት ድረስ ማለቂያ የለውም። ልጅሽ የምትወርሰው የትኛውን ነው?

ቪቶኖችም ይህን አውቀዋል። በ1896 ልጁ ዦርዥ ያን አበባና ፊደል የተቀላቀለበትን ሸራ ያወጣው ቀጂዎች ስላስቸገሩት ነው። ጠፍጣፋውን ክዳን ማንም ሠራው። የአባቱን ፊደላት ግን በሕግ ያዛቸው። ስሙ የንድፉ አጥር ሆነ።

በርኪንንም እንይ። ኤርሜስ የተባለው የፈረንሳይ ቤት ለዘፋኟ ለጄን በርኪን የሠራት የመጀመሪያዋ ቦርሳ በሐምሌ 2025 ፓሪስ ላይ በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሸጠች። ጭረት ያለባት፣ የተለጠፈባት ነገር ምልክቱ ያልለቀቀ አሮጌ ቦርሳ ናት። አዲሷ፣ ጭረት የሌላት፣ ከዚያ እጅግ ባነሰ ዋጋ ትገኛለች። ንድፉ በመሠረቱ ያው ነው። ልዩነቱ የስምና የታሪክ አይደለምን?

ሰፊዋ፦

የታሪክ ነው፤ ግን የምን ታሪክ? እናት የሆነች ሴት አውሮፕላን ላይ ተቀምጣ ዕቃዋን ሁሉ የሚችል ቦርሳ አጣሁ ብላ ለጎረቤቷ አማረረች። ጎረቤቷ የኤርሜስ ኃላፊ ዣን ሉዊ ዱማ ነበሩ፤ እዚያው ይነድፉ ጀመር፣ ቦርሳዋም ኋላ ደረሰች። ገዢው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው ሐሳቡ መጀመሪያ ቆዳ ለለበሰበት ዕቃ ነው። ኤርሜስ ራሱ በ1837 ሲጀምር የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበር፤ ስፌቱንም ከኮርቻ ወስዶ እስከ ዛሬ ይዞታል። በወስፌ ይበሳል፤ አንድ በሰም የታሸ ክር ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ ይዞ በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋል። አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ጎረቤቱ ይይዛል። የመኪና ስፌት ሲበጠስ ግን ይተረተራል። ይህን ለማመን ስም አያስፈልግም፤ ክሩን በጥፍር ሳብ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን ልመልስዎት ጋሼ። ማኅደርን ያውቃሉ፤ የብራና መጽሐፍ የሚገባበት፣ በትከሻ የሚነገት፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በካስማ የሚሰቀል። ለአንዱ መጽሐፍ ልክ ተቆርጦ ይሰፋል። ክዳኑ ጥልቅ ነው፣ ማንገቻው የሚያልፈው ክብደቱን በሚያከፋፍልበት ቦታ ነው። አገልግልን ያውቃሉ፤ ስፌቱ ከስንደዶ፣ ልብሱ ከቆዳ፣ እንጀራው ሳይደርቅ የሦስት ቀን መንገድ የሚሄድ። ማንም ኢትዮጵያዊ በጨለማ ቢዳስሰው አገልግል መሆኑን ይለየዋል። በየትኛውም ላይ ስም የለም! ከእነዚህ የበለጠ የተነደፈ መያዣ ዓለም ላይ ካለ ያሳዩኝ።

ስም ለምን እንደሌለበትም እናውቃለን። ቆዳ የሚያለፋው ሰው «ፋቂ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። አጤ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው አይሰደብ ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ልጅ አይዳርለት፣ ማዕድ አይቀርብለት የነበረ ሰው በሥራው ላይ እንዴት ስሙን ይጽፋል? ስለዚህ እኔ «ስም ነው ዋናው» ሲሉኝ የሚሰማኝ ያ ሰው ሁለተኛ ሲቀበር ነው።

ነጋዴው፦

ይህን ሳነብ ጽሑፉን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። እናቴ የምትይዘው አገልግል ዛሬም ቤቴ አለ፤ ከንግሥ ስትመለስ የያዘችው ሽታ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ማን ሠራው? አላውቅም። ማወቅ ነበረብኝ።

ነገር ግን ልጄ፣ ከዚሁ ላይ ተነስቼ ልሟገትሽ። አገልግል ስም ስለሌለው ዛሬ ማንም ይሠራዋል፣ ማንም ይሸጠዋል፤ በሱቆቻችን ለእንግዳ የሚሸጡት ትንንሾቹ ውስጣቸው ካርቶን፣ ላያቸው ፕላስቲክ የሆኑ አሉ። ለዋናይቱ ሠሪ አንዲት ሳንቲም አልደረሳትም፤ «ይህ የእኔ አይደለም» ብላ የምትቆምበት ስፍራም የላትም። ስሟ ቢኖርበት ኖሮ ታርመው ነበር። ለዚህ ነው ስም ስም የምልሽ፤ ለማስመሰል አይደለም። ስምሽን ሳታትሚ ቦርሳሽን ወደ ገበያ ስትልኪው የእነዚያን የተበደሉ ሠሪዎች መንገድ በፈቃድሽ እየሄድሽ ነው። አትሚበት። ሱቄ ውስጥ ያለ ስም አልሰቅልልሽም።

ሰፊዋ፦

እሺ ጋሼ፣ አትማለሁ። የማትመው ግን ፊቱ ላይ አይደለም። ከውስጥ፣ ኪሱ አፍ ላይ፣ ቦርሳውን የከፈተች ሴት ስልኳን ስትፈልግ ጣቷ በሚያገኘው ቦታ ነው። ከእኔ ስም ሥር ያን ቦርሳ የሰፋችው ልጅ ስም ይኖራል፣ በእጅ የተጻፈ። ስድስት ሆነው ሐሙስ ጠዋት ይደርሱልዎታል። ፊት ለፊት ካለው መስቀያ ላይ ያድርጓቸው፤ «የማን ነው?» የምትልዎት ከመጣች ሳይመልሱላት በፊት ከፍታ እንድታየው ይስጧት።