በሺፕና በሺፕ መካከል

በእንግሊዝኛ ሥነ ልሳን ዶክትሬት ለመሥራት የተመዘገበ ሰው የመጀመሪያውን የቃል ፈተና የሚቀመጠው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነው። ንፍሮው ሲዞር አጠገቡ ያሉ አዛውንት «አሁን ምን ላይ ነህ ልጄ?» ይሉታል። «እየተማርኩ ነው አባባ።» «ምን?» «እንግሊዝኛ።» ከዚህ በኋላ ከሟቹ ይልቅ እሱ ያሳዝናቸዋል። «እስካሁን አልገባህም?»

ሥነ ልሳን ማለት ቋንቋ መቻል ሳይሆን ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ነው ብሎ ማብራራት የጀመረን ሰው ንፍሮው አልፎት ይሄዳል። ብልሁ «ጥናት ላይ ነኝ» ብሎ ይዘግናል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰፈሩ የዲቪ ፎርም፣ የኤምባሲ ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ወረቀትና የልጆች የቤት ሥራ ወደ እሱ ቤት ይጎርፋል። አንዲት ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ ካየማ አለቀለት።

ወደ ርዕስ መረጣው እንለፍ። አስተማማኙ መንገድ «የመምህራን አመለካከትና የክፍል ውስጥ ትግበራ» የሚል ነገር ይዞ ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ መበተን ነው። እዚህ ጉድ የሚሠራው ይሉኝታ ነው። መምህሩ የሰጪው ፊት እንዳይጠቁር ብሎ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» ላይ ምልክት ያደርጋል። መፍትሔው የተገለበጡ ጥያቄዎችን መሐል መሐል መሰንቀር ነው፦ አንድ ቦታ «ተማሪዎቼን በቡድን አወያያለሁ»፣ አሥር ጥያቄ ዝቅ ብሎ ደግሞ «የቡድን ሥራ ጊዜ ማባከን ነው»። በሁለቱም የተስማማ ሰው ወረቀቱን አላነበበም። ይሁንና የተገለበጡትን ነጥቦች ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ መልሶ ማገላበጥ፣ ማለትም 5ን 1፣ 4ን 2 ማድረግ፣ የረሳ ተማሪ የክሮንባክ አልፋው፣ ማለትም የጥያቄዎቹ መልሶች እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ቁጥር፣ ከተለመደው 0.7 ወለል በታች ይወርድበታል፤ ሲብስ ከዜሮም በታች። ያኔ የሚወቀሰው መጠይቁን የተረጎመለት ጓደኛው ነው።

ከመጠይቅ የሸሸ ወደ ድምፅ ይገባል። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው «ሺፕ» ሲል መርከቡም (ship) በጉም (sheep) አብረው ይመጣሉ። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም፤ ዶክትሬት የሚያስፈልገው በስንት ሄርትዝ (በሴኮንድ የንዝረት ብዛት) እንደሚለያዩ ለመናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፒተርሰንና ባርኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች 76 ተናጋሪዎች ቀድተው ባሳተሙት ልኬት፣ በወንዶች አፍ የበጉ አናባቢ የመጀመሪያው ፎርማንት በአማካይ 270፣ ሁለተኛው 2290 ሄርትዝ ነው። የመርከቡ 390 እና 1990። ፎርማንት የሚባለው ድምፅ እንደ አፍና ጉሮሮ ቅርጽ ጎልቶ የሚወጣበት ድግግሞሽ ነው፤ ምላስ ዝቅ ሲል የመጀመሪያው ከፍ ይላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሁለተኛው ይወርዳል። ስለዚህ «በጉን አስረዝም፣ መርከቡን አሳጥር» የሚል መምህር ያስተማረው ግማሹን ነው። ምላሱም ቦታ መቀየር አለባት።

ቀረጻው ላይ ነው ላብ የሚወጣው። 30 ሰው 11 አናባቢ ሦስት ሦስት ጊዜ ቢል 990 ድምፅ ይሆናል፤ የእያንዳንዱን መነሻና መድረሻ ማስመር ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ 33 ሰዓት። ይህ ቅጂው ጥርት ካለ ነው፤ ጥርት አይልም። ጎረቤት ቡና ትወቅጣለች፣ ባጃጅ ያልፋል፣ አውራ ዶሮ ሰዓቱን ስቶ ይጮኻል፤ ድምፅ የሚተነትነው ነፃው የፕራት ፕሮግራም ደግሞ የአውራ ዶሮንም ፎርማንት ሳያዳላ ይለካል። ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ከፍቶ ተናጋሪውን ፊት ለፊቱ ማስቀመጥና ከጀርባው ጋቢ መስቀል የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል። ማይክራፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ትንፋሽ እንዳይመታው ወደ ጎን ዘወር ይበል። ፋይሉ ድምፅ ሳይጨመቅ የሚቀመጥበት ዋቭ፣ በሴኮንድ 44,100 ናሙና። በቴሌግራም የተላከ ድምፅ ለእንዴት አደርክ ይበቃል፤ ሲጨመቅ የተጣለው ግን ተመልሶ አይገኝም። የቃል ዝርዝር ሲነበብ ደግሞ የመጨረሻው ቃል ላይ ድምፅ ይወድቃልና መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የማይለኩ ቃላት መጨመር ደግ ነው።

ፕራት ሲከፈት የፎርማንት ጣሪያው፣ ማለትም ፎርማንት የሚፈልግበት የላይኛው ወሰን፣ ለሴት ድምፅ እንዲስማማ 5500 ሄርትዝ ላይ ነው፤ ለጎልማሳ ወንድ ወደ 5000 መውረድ አለበት። ሳያወርድ የለካ ሰው የወንዱ «ኡ» በ300 እና በ600 አካባቢ ሁለት ፎርማንት ማሳየት ሲገባው 500 ግድም ላይ አንድ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። «የኢትዮጵያውያን እንግሊዝኛ ልዩ ባሕርይ» የሚል ምዕራፍ የሚጻፈው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ተናጋሪው ራሱ ያበላሸዋል። ቀዩ መብራት በራ ማለት ጉሮሮውን ጠርጎ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ሆነ ማለት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ተመራማሪ ዊልያም ላቦቭ እ.ኤ.አ. በ1962 ኒውዮርክ ውስጥ ይህን ያመለጠው ሳክስ፣ ሜሲስና ኤስ. ክላይን ወደሚባሉ ሦስት መደብሮች ገብቶ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ የሚያውቀውን ዕቃ የት እንደሚገኝ በመጠየቅ ነው። ሠራተኛው «ፎርዝ ፍሎር» (አራተኛ ፎቅ) ብሎ ሲመልስ ያልሰማ መስሎ ያስደግመዋል፤ ዞር ብሎ «ር» መባሏንና አለመባሏን ይጽፋል። ቴፕ የለ፣ መጠይቅ የለ፣ 264 ሰው። «ር» በብዛት የተሰማችው ሀብታም በሚገበይበት ሳክስ፣ በጥቂቱ በርካሹ ክላይን ነበር። መርካቶ ላይ ልሞክረው የሚል ካለ ግን ይቅርበት። ነጋዴው ፎቅ አይጠራም፤ «ምን ነበር? እዚህም አለ» ነው የሚለው።

በመጨረሻ ዲፌንስ፣ ማለትም ጥናቱን በፈታኞች ፊት መከላከል፣ አለ። አዳራሹን የሚሞላው አበባ የያዘ ዘመድ ነው፤ ከሚባለው ነገር የሚገባው ፈታኙ ሲቆጣ ብቻ ነው። የውጭ ፈታኙ «ሠንጠረዥ 4.7 ላይ ያለው ድምር ከገጽ 131 ጋር አይገጥምም» ሲሉ አክስት «ምን አደረጋቸው?» ብለው ያንሾካሹካሉ። ሰብሳቢው «ከጥቃቅን እርማት ጋር» ብለው ውጤት ሲያሰሙ «ከ» የምትለዋ በእልልታ ትዋጣለች፤ እርማቱ ወራት እንደሚፈጅ የሚያውቀው ተማሪው ብቻ ነው። የፊርማው ገጽ ሳይሞላ ደግሞ ጥራዝ ቤት የሚቀበል የለም። የውጭ ፈታኙ አውሮፕላን ለመያዝ ስለሚቸኩሉ ገጹን የሚያስፈርም ሰው የሚያስፈርመው ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ነው።